በጠርሙስ ውስጥ የጅማ በርጩማ፦ ከአንገቱ ልኬት እስከ ሰሙ

ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠ ሞዴል ያየ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ሞዴሉ ላይ ነው። የሚሠራው ሰው ግን ቀድሞ የሚያየው የጠርሙሱን አንገት ነው። መቀመጫው በስንት ቁራጭ ይከፈል፣ ጀበናው ምን ያህል ይወፍር፣ መሣሪያው የቱ ጋ ይጎብጥ፣ ሁሉንም የሚወስነው ያ ጠባብ ቀዳዳ ነው። ከሥራው ብዙው የሚያልቀው ከጠርሙሱ ውጭ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ውስጥ የሚደረገው ቀድሞ ተሠርቶ፣ ተገጥሞና ተፈትቶ ያለቀውን መልሶ መግጠም ብቻ ነው። ይህን ያልተቀበለ ሰው እንጨትም ጠርሙስም ያባክናል።

እዚህ የምጽፈው ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ፣ አጠገቡ ረከቦት ከነጀበናው፣ ከሥራቸው የጣውላ ወለል ስላለው ሥራ ነው። ልኬቱ 1 ለ12 ነው፤ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ መቀመጫ 33 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጅማ ላይ ለሚጀምር ሰው ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ሥራ አላውቅም። ዋንዛው አለ፣ የተጎነደለ የቡና ግንድ አለ፣ ንጹህ ሰም አለ፣ የበርጩማውን ቅርጽ ማየት የፈለገም የጠራቢዎቹን ደጅ ወይም የጅማ ሙዚየምን መጎብኘት ይበቃዋል። ብዙ ጀማሪ የሚያምረው ጅሬን ላይ ያለውን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት መሥራት ነው። ምኞቱ ደስ ይላል፤ ነገር ግን የሰገነቱ የእንጨት ጌጥ በዚያ መጠን ሲያንስ ከፀጉር የማይወፍር ሥራ ስለሚሆን ከሦስተኛው ጠርሙስ በፊት አትንኩት።

መርከብ በጠርሙስ የሚሠሩት ሰዎች የታወቀ ብልሃት አላቸው፤ ምሰሶዎቹን በማጠፊያ አስተኝተው መርከቡን ያስገቡና ክር ስበው ያቆሟቸዋል። ከታወቁት ቀደምት ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. 1784 የሚል ዓመት ያለበት ሲሆን ጀርመን አገር ሊዩቤክ ከተማ ይገኛል። ያ ብልሃት ቁመቱ ታጥፎ ለሚተኛ ነገር ይሠራል። በርጩማ ግን ስፋቱ ነው ችግሩ፤ ክብ መቀመጫ አይታጠፍም። ስለዚህ የእኛ መንገድ ከፋፍሎ ማስገባትና ውስጥ መግጠም ነው።

ጠርሙሱና ልኬቱ

750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ቀለም የሌለው፣ ጎኑ ቀጥ ያለ የወይን ጠርሙስ ፈልጉ። ቁመቱ 30 ሳ.ሜ ገደማ፣ የውጭ ስፋቱ 75 ሚ.ሜ ገደማ፣ አፉ ውስጥ ለውስጥ 18.5 ሚ.ሜ አካባቢ ነው። የቢራ ጠርሙስ አፉ ወደ 16 ሚ.ሜ ስለሚጠብ ሁሉንም ቁራጭ ያሳንስባችኋል፤ ቡናማ ከሆነ ደግሞ የእንጨቱን ቀለም ይበላዋል። ብርሌስ? በብርሌ ውስጥ የተሠራ ነገር ውበቱ ለብቻው ነው፤ እኔም ወደፊት ሁሉም ወደዚያ እንዲሄድ እመኛለሁ። ግን ሆዱ ክብ ስለሆነ ወለል የሚያርፍበት ቀጥ ያለ ጎን የለውም፣ በአፍ የተነፋ ከሆነም አንገቱ ከላይ ክብ መስሎ መሃሉ ላይ ሞላላ ይሆናል። የመስታወቱ ውፍረት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ሙቀት አይችልም። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ።

የጠርሙስ አፍ ሁልጊዜ ጠባቡ ቦታ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከአፉ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወረድ ብሎ ይጠብባል፤ አፉን ብቻ ለክቶ የጀመረ ሰው ቁራጩ መሃል መንገድ ላይ ይቀረቀርበታል። ስለዚህ ከጠንካራ እንጨት 40 ሚ.ሜ የሚረዝሙ ሦስት ድቡልቡል መፈተኛዎች ሥሩ፤ ውፍረታቸው 18.5፣ 18 እና 17.5 ሚ.ሜ ይሁን። ክር አስራችሁ አንድ በአንድ በአንገቱ ውስጥ አሳልፏቸውና በክሩ መልሳችሁ ሳቧቸው። ያለ ግፊት የሚያልፈው ትልቁ የጠርሙሳችሁ ልክ ነው። ከዚያ ላይ 1 ሚ.ሜ ቀንሱ፤ መያዣው ሽቦ አብሮ ማለፍ አለበትና። 18 ካለፈ የሥራ ልካችሁ 17 ነው ማለት ነው።

ቁራጩ አራት ማዕዘን ከሆነ የሚለካው ከጥግ ጥግ ያለው ሰያፍ ነው። ለ17 ሚ.ሜ ልክ የሚያልፈው ትልቁ እኩል ጎን ያለው ቁራጭ 12 በ12 ነው። 16 በ4 ቢሆን ሰያፉ 16.5 ስለሆነ ያልፋል፤ 16 በ7 ግን ሰያፉ 17.5 ይሆንና አያልፍም።

የሆዱን የውስጥ ስፋት ለማወቅ ካሊፐር (የስፋትና የውፍረት መለኪያው) አይደርስም፣ ውሃ ግን ይደርሳል። ጠርሙሱን አቁማችሁ ከታች ወደ ውስጥ የገባው ጉብታ እስኪሸፈን ውሃ ሙሉና ከፍታውን በውጭ በኩል ምልክት አድርጉ። በመርፌ ስሪንጅ የተለካ 100 ሚሊ ሊትር ጨምሩና ውሃው ምን ያህል እንደወጣ ለኩ። 26 ሚ.ሜ ከወጣ የውስጥ ስፋቱ 70 ሚ.ሜ ነው፤ 27.5 ከሆነ 68፣ 24.5 ከሆነ 72። ከዚህ በኋላ ያለው ልኬት ሁሉ በ70 የተሰላ ነው።

ጠርሙሱን ለማጠብ አንድ እፍኝ ሩዝ፣ ለብ ያለ ውሃና የልብስ ዱቄት ሳሙና አግብታችሁ ማዞር በቂ ነው። አሸዋ ውስጡን ይቧጭረዋል፤ ጭረቱም ብርሃን ሲያርፍበት ለዘለዓለም ይታያል። ቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ የፈላ ውሃ አታፍስሱ። መጨረሻ ላይ ወደ 20 ሚሊ ሊትር አልኮል አግብታችሁ አዙሩትና ገልብጣችሁ አንድ ቀን አቆዩት፤ የውሃ ጠብታ ነጭ ምልክት የሚቀረው ይህ ሲዘለል ነው።

መሣሪያ

ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ ገበያ ላይ አትፈልጉ። ዋናው መሣሪያ የብስክሌት ራጂ ነው፤ ከጎማው መሃል ወደ ቸርኬው የሚዘረጋው ቀጭን የብረት ዘንግ። ውፍረቱ 2 ሚ.ሜ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ጎብጦ ይመለሳል። ከ26 ቁጥር ጎማ የሚገኘው 26 ሳ.ሜ ገደማ፣ ከ28 ቁጥር የሚገኘው 29 ሳ.ሜ ገደማ ስለሆነ ለጠርሙሱ ጥልቅ ጫፍ ረጅሙን ውሰዱ። ብስክሌት ጠጋኝ ጋ የተጣለ አይጠፋም። አሥር ያህል ያስፈልጋሉ።

እጀታው ከቡና እንጨት ቢሆን እመርጣለሁ፤ ድቡልቡሉ ቅርንጫፍ እንዳለ እጅ ይሞላል፣ ጠጣር ስለሆነም አይሰነጠቅም። ርዝመቱ 9 ሳ.ሜ፣ ውፍረቱ 12 ሚ.ሜ። በትራፓኖ ራጂው በልኩ የሚገባበት ቀዳዳ 25 ሚ.ሜ ጥልቀት ብሱና ራጂውን በኢፖክሲ (ከሁለት ቱቦ በሚደባለቅ ማጣበቂያ) አስገቡት። እያንዳንዱ እጀታ ላይ የጫፉ ጉብጠት ወደየት እንደሚያይ በቢላ ጫር አድርጉ። ጫፉ ጠርሙስ ውስጥ ከቁራጭ ኋላ ሲደበቅ አቅጣጫውን የሚነግራችሁ ያ ጭረት ብቻ ነው።

የጫፎቹ ቅርጽ እንዲህ ነው። አንዱ ቀጥ ያለና እንደ መርፌ የሾለ። ሁለተኛው መጨረሻው 10 ሚ.ሜ ላይ በ30 ዲግሪ ያህል የጎበጠ። ሦስተኛው ወደ ኋላ የታጠፈ ሜንጦ፣ ለመሳብ። አራተኛው ተቀጥቅጦ እንደ ትንሽ ማንኪያ የተነጠፈ፣ ኮላ ለመቀባትና ለመግፋት። አምስተኛው ጫፉ ቀለበት የሆነ፣ በርጩማውን ለመገልበጥ። ስድስተኛው ሁለት ጥርስ ያለው፤ ራጂው ላይ ቀጭን ሽቦ በመጠምዘዝ ይሠራል፣ እግር ሲተከል አጣብቆ ይይዛል። ሰባተኛው ላይ ጥጥ ይጠመጠማል። ስምንተኛው 8 ሚ.ሜ በ15 ሚ.ሜ የሆነ የብርጭቆ ወረቀት የተለጠፈበት። የቀሩት ሁለቱ እንደየሥራው የሚጎብጡ ባዶ ራጂዎች ናቸው።

ለማንጠፍ ጫፉን ከሰል ላይ አግሉና ቀጥቅጡት። የሚግለው ግን መጨረሻው 10 ሚ.ሜ ብቻ ይሁን። ረዘም አድርጋችሁ ካጋላችሁት ብረቱ ይለሰልስና በግፊት ጎብጦ ይቀራል፣ አይመለስም። ከዚያ ጠርዙን ሁሉ በሞረድ አለስልሱ፤ ሹል ጠርዝ የጠርሙሱን አንገት ከውስጥ ይጭራል።

ከራጂዎቹ ሌላ የሚያስፈልገው፦ መካኒኮች ሞተር ውስጥ የወደቀ ብሎን የሚያነሱበት ባለ ጥፍር ተጣጣፊ መያዣ፣ ስሪንጅ ከነቀጭን የግሉኮስ ቱቦ፣ ወረንጦ፣ ፒንሳ፣ ትንሽ ሞርሳ፣ ቀጭን ምላጭ ያለው ሰጌቶ፣ ከ1 እስከ 3 ሚ.ሜ የትራፓኖ መብሻዎችና 0.1 ግራም የሚለይ የወርቅ ሚዛን። ሚዛኑን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ለምን እንደሚያስፈልግ ወደ ታች እመጣበታለሁ። ጠርሙሱ የሚተኛበት ባለ ጎድጓዳ መደገፊያ ከወፍራም ጣውላ ቆርጣችሁ ጨርቅ አልብሱት፤ የሚንከባለል ጠርሙስ ውስጥ ማንም አይሠራም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ መለማመጃ። 1 ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ለሁለት ቁመቱን ሰንጥቁና አንዱን ግማሽ አስተኙት። አፉ ላይ 17 ሚ.ሜ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ለጥፉበት። ሥራውን ሁሉ መጀመሪያ በዚያ ቀዳዳ በኩል፣ እጃችሁን ከላይ ሳታስገቡ፣ ያለ ኮላ ሦስት ጊዜ ግጠሙ። እዚያ ያስቸገረ ቁራጭ መስታወት ውስጥ አይቀልም።

መቀመጫውን መክፈል

የሥራው ልብ ይህ ነው። የጅማ በርጩማ የሚጠረበው ከአንድ ግንድ ስለሆነ መቀመጫው ላይ የመጋጠሚያ መስመር ከታየ ሞዴሉ ውሸት ይሆናል። በመጋዝ ለሦስት ብትቆርጡት ምላጩ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ይበላል፣ ጭረቱም፣ ማለትም የእንጨቱ የራሱ መስመር፣ ይዘላል። መፍትሔው መሰንጠቅ ነው። የተሰነጠቀ እንጨት ከራሱ ጋር ሲጋጠም ጭረት ለጭረት ይገባል፤ ሰም የተቀባበት ያህል ይዘጋል።

ጭረቱ ቀጥ ያለ፣ አንጓ የሌለው የዋንዛ ቁራጭ ውሰዱ፤ 40 በ40 ሚ.ሜ፣ ውፍረቱ 6። በጭረቱ አቅጣጫ መሃለኛው 12 ሚ.ሜ እንዲሆን ሁለት መስመር አስምሩ። ስለታም ቢላ በመስመሩ ላይ አቁማችሁ በትንሽ መዶሻ በአንድ ምት ሰንጥቁት። በሁለት ሦስት ቀላል ምት የተሰነጠቀ እንጨት ጎኑ ይቦጨቃል፤ ምቱ አንድና እርግጠኛ ይሁን። ከሦስት ሙከራ አንዱ ቢሳካ ደህና ነው፣ ዋንዛው ርካሽ ነው። የተሰነጠቀውን ፊት በምንም አታለስልሱት፤ በብርጭቆ ወረቀት አንድ ጊዜ ከተነካ መገጣጠሙን ያጣል። ከሥር በእርሳስ 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ቀስት አድርጉበት።

አሁን ሦስቱን እንደነበሩ አጋጥሙና ትርፍ ጣውላ ላይ ለጥፏቸው፤ በመሃል ግን አንድ የጋዜጣ ወረቀት ይግባ። ነጩን የእንጨት ኮላ በእኩል ውሃ አቅጥናችሁ ከወረቀቱ በላይም በታችም ቀቡ፤ በተሰነጠቁት ፊቶች መሃል ግን ጠብታ እንዳይገባ። ጎን ለጎን በላስቲክ አስራችሁ ከላይ ክብደት ጭናችሁ አሳድሩ። በማግስቱ እንደ አንድ እንጨት ነው የሚሠራው። 33 ሚ.ሜ ክብ አስምሩ፣ በሰጌቶ ዙሩት፣ በሞረድ ጨርሱት። የመቀመጫውን ጎድጓዳ ጫፉ እንደ ማንኪያ በተሳለ ምስማር ከመሃል ወደ ዳር ቀስ ብላችሁ ቅረፉ፤ ጥልቀቱ 1.5 ሚ.ሜ ይበቃል። ውፍረቱ ሲያልቅ 4.5 ሚ.ሜ ይሆናል። ቀጭን ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ እዚያው ላይ እንዳለ ቀቡት። ዘይት አትቀቡ። ዘይት በዝግ ጠርሙስ ውስጥ ቀስ እያለ ይተንና መስታወቱን በስስ ጭጋግ ያለብሰዋል።

ሲደርቅ ስስ ቢላ በወረቀቱ መሃል አስገብታችሁ አላቁት። ወረቀቱ ራሱ ለሁለት ይሰነጠቅና እንጨቱ ሳይጎዳ ይለቃል። ከሥር የቀረውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ሦስት ቁራጭ በእጃችሁ አለ፤ መሃለኛው 12 ሚ.ሜ፣ ሁለቱ ዳሮች 10.5 ሚ.ሜ።

በየመጋጠሚያው ሁለት ሁለት የቀርከሃ ስንጥር፣ 1 ሚ.ሜ ውፍረት፣ ከዳርኛው ቁራጭ 2.5 ሚ.ሜ ወጣ ብሎ ይተከል፤ መሃለኛው ላይ ደግሞ ተቀባይ ቀዳዳ ይበሳ። ቀዳዳው 1.1 ሚ.ሜ ቢሆን ይሻላል፤ ጠረጴዛ ላይ በልኩ የገባ ስንጥር ኮላ ሲነካው ያብጣል፣ ጠርሙስ ውስጥም ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።

የእግሮቹ ቦታ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለው። ከመሃል 11 ሚ.ሜ ርቀት ላይ ሦስት እግር በእኩል ሲከፋፈል፣ አንዱ መሃለኛው ቁራጭ ጫፍ ላይ፣ ሁለቱ በዳርና በዳር ቁራጮች ላይ ያርፋሉ። ለየቁራጩ አንድ እግር ይደርሰዋል፣ መጋጠሚያ ላይ የሚወድቅ የለም። ከሥር 2 ሚ.ሜ ቀዳዳ፣ 3 ሚ.ሜ ጥልቀት፣ ወደ ውጭ 10 ዲግሪ ያህል አዘንብላችሁ ብሱ። እግሮቹ 28 ሚ.ሜ ርዝመት፣ 3 ሚ.ሜ ውፍረት ይኑራቸው፤ ጫፋቸው ወደ 2 ሚ.ሜ ይቅጠን። እግሩን ከቁራጩ ጋር አጣብቃችሁ ለማስገባት አትሞክሩ፤ ባለ ማዕዘን ነገር ረጅሙን አንገት አያልፍም።

ወለሉና ረከቦቱ

ወለሉ 50 ሚ.ሜ ስፋት፣ 110 ሚ.ሜ ርዝመት አለው፤ አራት ጣውላ፣ እያንዳንዱ 12.5 በ4 ሚ.ሜ። ከሥሩ ሁለት ተሸካሚ ይገባል። ተሸካሚው ላዩ ቀጥ ያለ 50 ሚ.ሜ፣ የታች ጎኑ የ70 ሚ.ሜ ክብ ቅርጽ፣ መሃሉ ላይ 10 ሚ.ሜ፣ ውፍረቱ 5 ሚ.ሜ ነው። ቁመቱን ይዞ ይገባል፣ ሆዱ ውስጥ ሲደርስ አግድም ይዞራል። በዚህ ልኬት ከወለሉ እስከ ላይኛው መስታወት 55 ሚ.ሜ ክፍት ቦታ ይቀራል፤ በርጩማው ተገልብጦ ለመዞር 46 ገደማ ስለሚፈልግ ይበቃዋል።

ጠርሙሱ በፋብሪካ ሲቀረጽ በሁለት ጎኑ የሚቀር ስስ መስመር አለ። ከማጣበቃችሁ በፊት አንዱ መስመር ከወለሉ ሥር፣ ሌላው ከላይ እንዲሆን ጠርሙሱን አዙሩት። በጎን ከቀረ ልክ በርጩማው ፊት ለፊት ያልፋል።

ረከቦቱ 30 በ24 ሚ.ሜ ሲሆን ላዩ ሁለት 30 በ12 ቁራጭ ነው፤ ከሥር በስስ ጨርቅ ተያይዞ እንደ መጽሐፍ ይታጠፋል። ጀበናውን ከቡና እንጨት ጥረቡ፤ ጭረቱ ደቃቅ ስለሆነ ቀጭኑ አንገት አይሰበርም። ሆዱ 13 ሚ.ሜ፣ ቁመቱ 21፣ ከነጆሮው ከ17 አይለፍ፤ ሳይከፋፈል ይገባል። ሲኒዎቹ ከነጭ ፕላስቲክ ዘንግ 5 ሚ.ሜ ስፋት ይቆረጣሉ። ለቄጤማው አረንጓዴ የተነከረ ቃጫ 6 ሚ.ሜ እየሆነ ይከተፍ፤ እውነተኛ ቄጤማ ይሻግታል።

የጅማ ሰው እዚህ ላይ እውነተኛ ቡና መጨመር ያምረዋል። የቡና ፍሬ 10 ሚ.ሜ ያህል ስለሆነ ከሲኒው በእጥፍ ይበልጣል፣ ያስቃል። የተቆላው ደግሞ ዘይቱ መስታወቱን ያጨልመዋል። አተላውም ቢደርቅ እርጥበት መልሶ ይስባል፣ ይሻግታል። ጀበናውን ይዛችሁ ቡናውን ተዉት።

እርጥበት

ብዙ ጠርሙስ የሚበላሸው በዚህ ነው፤ ጅማ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ በዓመት ወደ 1,500 ሚ.ሜ ዝናብ ታገኛለች፣ ክረምቱም ረጅም ነው። በሐምሌ የተሠራና የታሸገ ጠርሙስ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያላበዋል።

ጥፋቱ የአየሩ አይደለም። 22 ዲግሪ ላይ እርጥበት የጠገበ አንድ ሊትር አየር የሚይዘው ውሃ 19 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ ጠርሙሳችን ውስጥ 15 ሚሊ ግራም ቢሆን ነው። ወለሉ ብቻ ግን 10 ግራም ያህል እንጨት ነው። ከክብደቱ 2 በመቶ ውሃ ቢለቅ 200 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ አየሩ ሊሸከም ከሚችለው ከአሥር እጥፍ በላይ። ስለዚህ የሚደርቀው እንጨቱ ነው።

የተጠረቡትን ቁራጮች ሁሉ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ ቆርቆሮ ውስጥ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጋር አስቀምጡ። ከረጢቶቹ ያገለገሉ ከሆኑ በሙቀት ቀድመው ይድረቁ። በየሦስት ቀኑ ወለሉን በወርቅ ሚዛኑ መዝኑት። ክብደቱ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ አንድ ዓይነት ከሆነ ደርቋል፤ እስከዚያ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፣ በክረምት አንድ ወር። መጨረሻውን ልክ ማስተካከል ያለባችሁ ከደረቀ በኋላ ነው፤ እርጥብ ሳለ በልኩ የተላገ ጣውላ ሲደርቅ በየመጋጠሚያው ክፍተት ይተዋል።

ነቀዝም አለ፤ በተለይ ልጡ ያልተላጠ የቡና ቅርንጫፍ ውስጥ። ወደ ውጭ አገር ለሚላክ የእንጨት ማሸጊያ የሚጠየቀው እንጨቱ መሃሉ ድረስ 56 ዲግሪ ሆኖ 30 ደቂቃ እንዲቆይ ነው፤ ለትንንሽ ቁራጮቻችንም ያው ልክ ይሠራል። ይህን ከማድረቁ በፊት አድርጉት።

መግጠም

ከጥልቁ ጀምሩ፣ ወደ አንገቱ እየመጣችሁ ጨርሱ። የተቀመጠን ነገር አልፎ ወደ ኋላ መሥራት አይቻልም።

ተሸካሚዎቹን ከመስታወቱ ጋር የሚያያዛቸው ቀስ ብሎ የሚደርቅ ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ነው፤ በየአንዳንዱ ሥር የምስር ፍሬ የሚያህል ሁለት ጠብታ። የአምስት ደቂቃው ኢፖክሲ ቁራጩን አዙራችሁ ሳትጨርሱ ይጠነክራል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ የተጋለጠ ብረት ካለ ያዝገዋል። ለእንጨት ከእንጨት ነጩ ኮላ ይበቃል፤ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ቀን የሚደርቀው ጠርሙስ ውስጥ አየሩ ስለማይንቀሳቀስ ሦስት ቀን ይፈልጋል። በግሉኮስ ቱቦው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አየር ንፉበት፤ በአፍ ግን አይደለም፣ ትንፋሽ እርጥብ ነው፣ በስሪንጁ ይሁን።

ሱፐር ግሉ ጠርሙስ ውስጥ አይገባም። ሲደርቅ የሚለቀው ትነት በመስታወቱ ላይ ነጭ ጭጋግ ሆኖ ይጣበቃል፤ እርጥበት ሲኖር ደግሞ ይፈጥናል። ያን ጭጋግ በአሴቶን ለማስለቀቅ ሲሞከር ቫርኒሹ አብሮ ይሄዳል።

ጣውላዎቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ሁለቱን ዳሮች መጀመሪያ፣ መሃለኞቹን በመጨረሻ። የዳሮቹ የታች ጠርዝ የመስታወቱን ክብነት ተከትሎ በሰያፍ ይላጭ።

ወለሉ ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ በርጩማው ይመጣል። ሥራው ተገልብጦ ነው የሚሠራው። መሃለኛውን ቁራጭ ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ በጥልቁ ጫፍ በኩል አስተኙት። በማንኪያው ጫፍ የተሰነጠቀው ፊት ላይ ስስ ኮላ ቀቡ። ዳርኛውን ቁራጭ አቅርባችሁ ስንጥሮቹ ከቀዳዳው አፍ ላይ ሲደርሱ ቁሙ። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው የሚቸኩለው። ጠርሙሱን በመብራት ፊት አዙራችሁ ሁለቱም ስንጥር መግባቱን እዩ፤ አንዱ ብቻ ገብቶ ከተገፋ ሌላው ይሰበራል፣ ቀዳዳውንም ይደፍናል። ሁለቱም ገብተው ከሆነ በሁለት ራጂ፣ አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ፣ ለአንድ ደቂቃ ተጫኑት። የተሰነጠቀው ፊት በልኩ ሲዘጋ መስመሩ ዓይናችሁ ፊት ይጠፋል። ሦስተኛውም እንዲሁ።

በማግስቱ እግሮቹ። የሾለው ራጂ ጫፍ ላይ ለብ ያለ ሰም ንኩና እግሩን በጎኑ አጣብቁት፤ ቀዳዳው ጋ ደርሶ ጫፉ ሲገባ ባለ ሁለት ጥርሱ ይይዘዋል፣ ሰም ያለበት ራጂ ይላቀቃል። ሰም የነካው ቦታ ኮላ ስለማይዝ የእግሩን ጫፍ አያግኘው። ሦስቱም ከተተከሉ ኮላው ሳይደርቅ ከላይ ወደ ታች በአንገቱ በኩል እዩ፤ አንዱ እግር ካጠረ ወይም ካዘነበለ አሁን ይስተካከላል፣ ነገ አይቻልም። 24 ሰዓት ቆይቶ በቀለበቱ ራጂ አንዱን እግር ይዛችሁ በጎኑ አስተኙት፣ ከዚያ አቁሙት። ከተንገዳገደ በብርጭቆ ወረቀቱ ራጂ የረዘመውን እግር ከታች አሹት። ያኔ ብቻ ነው ከወለሉ ጋር የሚጣበቀው። ረከቦቱ ወደ አንገቱ በኩል የሚመጣውም ለዚህ ነው፤ ቀድሞ ቢቀመጥ በርጩማው የሚገለበጥበት ቦታ አይኖርም።

መስታወቱን የነካ ነጭ ኮላ እስኪደርቅ ተዉት። እርጥብ ሳለ ሲጠርጉት ይሰፋል፤ ሲደርቅ ግን በእርጥብ ጥጥ አለስልሳችሁ በጎበጠው ራጂ ስትገፉት እንደ ቆዳ ተልጦ ይመጣል። ጥጡ ሲጠመጠም ጫፉ በክር ይታሰር፤ ከስንጥር ላይ ተጠምዶ የቀረ የጥጥ ጭረት ለማውጣት ግማሽ ቀን ይበላል።

ማሸግ

ሥራው ካለቀ በኋላ አፉን በስስ ጨርቅ አስራችሁ ሦስት ሳምንት ተዉት። ቡሽ የሚገባው በጥር ወይም በየካቲት፣ ዝናብ ባልዘነበበት ሳምንት፣ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሆን እመክራለሁ፤ አየሩ ከሌላው ሰዓት የሚደርቀው ያኔ ነው። ቡሹም ራሱ ከቁራጮቹ ጋር ቆርቆሮው ውስጥ ይቆይ። ከቡሹ የውስጥ ጫፍ ላይ 8 ሚ.ሜ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ጥቂት የእርጥበት መምጠጫ ፍሬ አስገቡና በስስ ጨርቅ ዝጉት፤ ከውጭ አይታይም።

ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ነው። ቆርቆሮውን የሞቀ ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ አቅልጡት፤ በቀጥታ እሳት ላይ ይነዳል። የጠርሙሱን አፍ በእጃችሁ ሙቀት ለብ አድርጉና 15 ሚ.ሜ ያህል ነክራችሁ አውጡ፣ ሲረጋ ድገሙት፤ ሦስት ጊዜ። ቀዝቃዛ መስታወት ላይ ያረፈ ሰም ሲደርቅ ይላጣል።

ከዚያ ከፀሐይ ፊት ራቅ ባለ፣ ከቀዝቃዛ ግድግዳ ባልተጠጋ መደርደሪያ ላይ ይተኛ። በመጀመሪያው ክረምት በየሳምንቱ ማለዳ የጠርሙሱን ጥልቅ ጫፍ እዩት፤ ጭጋግ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጠብታ ካያችሁ ሰሙን ቁረጡ፣ ቡሹን አውጡ፣ አፉን በጨርቅ አስራችሁ እስከሚቀጥለው ጥር ጠብቁ።